ሳሎን ውስጥ ፍሬን ስረግጥ

እኔ መኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። ይህን የምናገረው ኮራ ብዬ ነው። ባለቤቴ ስፖንሰር አድርጎኝ ቶሮንቶ ስገባ በረዶ ላይ መራመድ እንኳ የማልችል ሴት ነበርኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈራችን ካሉት ፎቆች ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሐበሻ ወይ እኔ ጋ ተምሯል፣ ወይ እኔ ጋ የተማረ ሰው ያውቃል።

ጥሩ አስተማሪ የሆንኩት መኪና ስለማውቅ ብቻ አይደለም። ሰው ሲፈራ ከራሱ ከሰውየው በፊት አውቃለሁ። ትንፋሹ ሲያጥር፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ሲጠጋ፣ ጣቶቹ መሪውን ጨምድደው ሲይዙ አያለሁ። አፉን ሳይከፍት «ቀስ፣ ምንም የለም፣ ጊዜ አለን» እለዋለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ተሰጥኦ ነው ይሉት ነበር፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ከየት እንዳመጣሁት የገባኝ በኋላ ነው።

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። በመንገድ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለታል። የታመመ የሚጠይቅ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ለድሃ ልጅ ደብተር የሚገዛ ሰው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ምሳውን ከበላ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ይወጣል፤ ጠጥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳል። ያኔ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። የግቢያችን በር የብረት መወርወሪያ ነበረው። መወርወሪያውን በቀስታ ከሳበው ያ ቅዳሜ ሰላም ነው። ካንቀጫቀጨውና በሩን በእግሩ ከገፋው እናቴን ይመታታል። እኔ ከመወርወሪያው ድምፅ፣ ከእርምጃው፣ ከሳሉ የሚሆነውን አስቀድሜ አውቅ ነበር። ታናሽ እህቴን ከአልጋ ሥር አስገባና እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ዱላው እኔም ጋ ይደርሳል። እናቴ ፊቷን እየጠረገች ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለናለች፤ «ዝም በሉ ልጆቼ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

ዝም አልን። አባቴ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ታሞ ሞተ። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ደግነቱን አወራ፤ ያወሩትም ውሸት አልነበረም። እናታችንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለችው። እህቴና እኔ ስለ ቅዳሜዎቹ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ሳገባ ለባለቤቴ «አባቴ መምህር ነበር፣ ልጅ ሆኜ ሞተ» አልኩት፤ በቃ። የደበቅሁት አልመሰለኝም። ያለፈ ነገር ነው፣ አልፏል ብዬ ነው።

ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ከስድሳ ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። ልጃቸው አምጥቷቸው ዌስተን አካባቢ አብረውት ይኖራሉ፤ የምንተዋወቀው ከአማርኛው ቤተ ክርስቲያናችን ነው። «መኪና መማር እፈልጋለሁ» ሲሉ ልጃቸው «እማዬ፣ እኔ እወስድሽ የለ? ለምን ትደክሚያለሽ?» አላቸው። እሳቸውም «አንተ እስክትመጣ መስኮት ላይ ስጠብቅ አረጀሁ እኮ» ብለው ዘጉት። ቲዎሪውን በትርጉም ተፈትነው አለፉና እኔ ጋ መጡ። እማማ እላቸው ነበር።

ያን ጊዜ ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው ጎዳና ለከተማ ባቡር ሥራ ተቆፋፍሮ ጠብቦ ነበር። ተማሪዎቼን ሆን ብዬ እዚያ እወስዳቸዋለሁ፤ እዚያ የነዳ የትም ይነዳል። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እማማ እየነዱ፣ እኔ በቀኝ ወንበር ተቀምጬ በብርቱካናማዎቹ ኮኖች መካከል ቀስ ብለን እንሄዳለን። አረንጓዴ በርቶልናል። በቀኝ በኩል ካለው ውስጥ ለውስጥ መንገድ አንድ ፒካፕ ሳይቆም ወጣ። አየሁት። የአስተማሪ መኪና በቀኝ ወንበርም በኩል ፍሬን አለው፤ ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። መኪናችን ተንገጫግጮ ሊቆም ሲል በእኔ በኩል ያለውን በር መታው። የብረት መጨራመት፣ የመስታወት መፍሰስ፣ ከዚያ ጸጥታ።

እማማ መሪውን እንደያዙ «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ይላሉ።

«እማማ፣ ተጎዱ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። አንቺስ ልጄ? ትከሻሽ...»

«ደህና ነኝ። እጅዎን ከመሪው ላይ ያንሱ፤ ቀስ ብለው ይተንፍሱ።»

አምቡላንስ መጣ። ሆስፒታል አዩንና በዚያው ቀን ለቀቁን። ትከሻዬ ከማበጡ በቀር አንድ አጥንት አልተሰበረብኝም። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሰው ሲደነግጥ እንደሚደረገው ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ሰጥቶኝ «ጠጪው፣ ድንጋጤ ነው፣ ይወጣልሻል» አለኝ። ጠጣሁት።

አልወጣልኝም። ትከሻዬ ዳነ፣ መኪናዬ ተሠራ፣ እኔ ግን መኪና ውስጥ መግባት አቃተኝ። ተማሪዎቼን አንድ በአንድ ካንሰል አደረግሁ፤ ለሁሉም ትከሻዬን ያመኛል አልኳቸው። ሳሎን ተቀምጬ ኮሪደሩ ላይ የጎረቤት በር ሲዘጋ ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይረግጣል። ምግብ አይገባልኝም። የአምስት ዓመቷ ልጄ ስትስቅ እንኳ ድምፁ ይበዛብኛል። ከሁሉ የገረመኝ ሕልሜ ነው። ፒካፑን አንድም ቀን በሕልሜ አላየሁትም። የማየው የቆርቆሮውን በር ነበር።

ባለቤቴ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ በጠዋት ሺፍት ይሠራ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ይመጣል። አንድ ቀን የገዛውን ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ በሩን በእግሩ ገፋ አደረገው። ከፌስታሉ ውስጥ የቲማቲም ጣሳ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ወደ ራሴ ስመለስ ልጄን ከጀርባዬ አድርጌ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሁለት እጄ የበሩን መቃን ይዟል። ልጄ ከኋላዬ «እማዬ፣ ምን እየሆንሽ ነው?» ትላለች።

ባለቤቴ ፌስታሎቹን እንደያዘ ፈዞ ቆመ። ድምፁን በእኔ ላይ ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

«እኔ ነኝ እኮ» አለ በቀስታ። «ማን መሰለሽ?»

ማን እንደመሰለኝ አወቅሁ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጃችንን ካርቱን ከፍቶላት መጣና አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ነገርኩት፤ መወርወሪያውን፣ ቅዳሜዎቹን፣ እህቴን ከአልጋ ሥር ማስገባቴን።

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሚነገር ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው።

«በሩን በቁልፌ ስከፍት ሁልጊዜ ቀና ብለሽ የምታይኝ ለዚህ ነው?» አለኝ። በትዳራችን ሙሉ የእሱንም እርምጃ ሳዳምጥ እንደኖርኩ ያስተዋልኩት እሱ ሲጠይቀኝ ነው።

የቤተሰብ ሐኪማችን ከሰማችኝ በኋላ በሰፈሩ የጤና ማዕከል ወዳለች አማካሪ ላከችኝ። ልቤ እሺ አላለኝም። በእኛ ዘንድ አእምሮ የሚለው ቃል ከሐኪም ጋር ሲነሳ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። አበደች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ባለቤቴ ግን አፖይንትመንቱን ራሱ ያዘ፤ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ በአውቶቡስ ይዞኝ ሄደ። በመኪና ልውሰድሽ አላለኝም፤ ይህን ስላወቀልኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

አማካሪዋ ከካሪቢያን የመጣች፣ ጸጉሯን በሻሽ የምትጠቀልል፣ ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያለች ሴት ነበረች። መጀመሪያ ላይ ለምትጠይቀኝ ሁሉ «አይም ፋይን»፣ ደህና ነኝ፣ እላታለሁ። ስለ አደጋው ስትጠይቀኝ እንደ ፖሊስ ሪፖርት ደረደርኩላት። ከዚያ «ልጅ ሆነሽ የምትፈሪው ድምፅ ነበር?» አለችኝ።

ልመልስላት ስል እንግሊዝኛው ጠፋኝ። መወርወሪያ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? እጄን እያወናጨፍኩ ብረት ነው፣ በር ላይ ነው፣ እንዲህ ይሳባል እያልኩ ላሳያት ሞከርኩ። በመጨረሻ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «በራስሽ ቋንቋ ንገሪኝ» አለችኝ። «ባይገባኝም እሰማሻለሁ። ከዚያ የቻልሽውን በእንግሊዝኛ ትነግሪኛለሽ።»

በአማርኛ ነገርኳት። አንድም ቃል ለማይገባት ሴት «አባዬ በሩን በእግሩ ሲገፋው...» ብዬ ጀመርኩ። ለባለቤቴ ስነግረው እንደ ታሪክ ነበር የነገርኩት። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን አባዬ ስል ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነ። አለቀስኩ። እሷም ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ስጨርስ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ፤ ለካ ውሃ መስጠት የእኛ ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የነገረችኝን በራሴ አባባል ላስቀምጠው። አፓርትመንት ውስጥ ሽንኩርት ስናቁላላ የሚጮኸውን የጭስ ማንቂያ የማያውቅ ሐበሻ የለም። በትንሽ ጭስ እንዲጮህ ተደርጎ የተሠራ ነው። በፍርሃት ያደገ ልጅ ውስጡ እንደዚያ ይሆናል፤ ቤቱ በእውነት ይቃጠል ስለነበር መጮኹ ትክክል ነበር፤ ሕይወቱን ያተረፈውም እሱ ነው። ልጁ ያድጋል፣ አገር ይቀይራል፣ ይማራል፣ ያገባል፣ ማንቂያውም እዚያው ተሰቅሎ ይቀመጣል። ከዚያ አንድ ቀን ትልቅ አደጋ ይመጣና እንደገና ይቀሰቅሰዋል፤ አዲሱና አሮጌው ጩኸት ይቀላቀላሉ። ስለዚህ ከዚያ ፒካፕ ግጭት እማማ በሳምንት ሲያገግሙ እኔ ወራት የፈጀብኝ ደካማ ስለሆንኩ አልነበረም። እኔ ከአንድ አደጋ በላይ ነበር የምድነው።

አማካሪዋ «ያን ጊዜ ከነበሩት መካከል ዛሬ የምታናግሪው ሰው አለ?» ስትለኝ ለእህቴ አዲስ አበባ ደወልኩ። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ልጆቿ ካወራን በኋላ «ቅዳሜ ቅዳሜን ታስታውሻለሽ?» አልኳት።

ከስልኩ ማዶ በር ስትዘጋ ሰማሁ። «አስታውሳለሁ» አለች።

«እኔ ከፍርሃት በቀር ምንም አልሠራሁም» አልኳት። «እማዬን ሲመታት ቆሜ እንቀጠቀጥ ነበር።»

«ቆመሽ?» አለችኝ። «የት ነበር የቆምሽው?»

«እኔ እንጃ፤ ክፍሉ ውስጥ።»

«ደጃፉ ላይ ነበር የምትቆሚው። እኔ ከአልጋ ሥር ሆኜ የሚታየኝ እግርሽ ብቻ ነበር። እሱ ወደ እኔ እንዳይመጣ መግቢያው ላይ ትቆሚያለሽ። እግርሽ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አንድም ቀን ከዚያ ሲነሳ አላየሁም። እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ተመትቼ አላውቅም፤ በማን መሰለሽ?»

ስለ ልጅነቴ፣ ስለዚያች ትንሽ ልጅ የነበረኝ አስተያየት በዚያ ስልክ ተለወጠ። ፈሪ ስትመስለኝ ኖራለች። ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ እየፈራች ቆማለች። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ሰዓት መስኮት ላይ ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ። ለቅሶም ነበረበት፤ ግን ደስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን እማማ ኮል አደረጉ። «ትከሻሽ አሁንም ነው?» አሉኝ፤ በድምፃቸው እንዳላመኑኝ ያስታውቃል።

«እማማ፣ ሌላ ጥሩ አስተማሪ አውቃለሁ። ቁጥሯን ልስጥዎት።»

«ሌላ ሰው አልፈልግም። አብረን ነው የተመታነው፣ አብረን ነው የምንነሳው። ባሌ የሞተ ጊዜ እኔም ዓመት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር፤ አውቀዋለሁ። እኔ እጠብቅሻለሁ። ብቻ ብዙ አታስጠብቂኝ፣ ዕድሜዬን እያየሽ።»

ለአማካሪዋ ስነግራት ሳቀች፤ መልሶ መጀመሩን ከእማማ ጋር አቀድነው። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቴ መኪናውን የሕንፃችን ፓርኪንግ ውስጥ አቁሞልን ሄደ፤ እማማና እኔ ሞተር ሳናስነሳ ተቀመጥን። ወሬ ይዘን ቆየን። ሌላ ቀን ሞተሩን አስነሳን። ሌላ ቀን ባዶ የፕላዛ ፓርኪንግ ውስጥ ዞርን። ሰውነቴ ሲንቀጠቀጥ አልሸሸግሁም፤ «አሁን ፈርቻለሁ እማማ፣ አንድ ደቂቃ ይስጡኝ» እላቸዋለሁ። እሳቸውም የእኔኑ አነጋገር መልሰው «ቀስ፣ ምንም የለም፣ ጊዜ አለን» ይሉኛል። ማን ማንን እንደሚያስተምር አይታወቅም ነበር።

ወደ ኤግሊንተን ዌስት የተመለስነው ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። የተመታንበትን መስቀለኛ መንገድ ከሩቅ ሳየው እግሬ ሄዶ የእኔን ፍሬን ረገጠው። መኪናችን መንገድ መሃል ቀጥ አለ። ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ ነፋብን።

እማማ ዞር ብለው አዩኝ። «ፍሬን የያዝኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«እንግዲያው ልቀቂኝ፤ ሰውየው እየጮኸብኝ ነው።»

ሳቄ መጣ። ከአደጋው ወዲህ ከሆዴ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። እግሬን አነሳሁ፤ እማማም መስቀለኛውን መንገድ ቀኝና ግራ አይተው በእርጋታ አለፉት። ካለፍን በኋላ ጥግ ይዘው አቆሙና ሁለታችንም በረጅሙ ተነፈስን።

በሮድ ቴስታቸው ቀን ከፈታኙ ጋር ወጥተው እስኪመለሱ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ከመኪናው ወርደው፣ በሩን ዘግተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ሲያበቁ «አለፍኩ» አሉ። ከዚያ እዚያው ፓርኪንግ ውስጥ እልልታቸውን አቀለጡት። በእሑዱ ልጃቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ቤተ ክርስቲያን ነድተው መጡ። ልጁ ሲወርድ «በጣም ትቸኩላለች» ብሎ ሲያማርርልኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሥራዬን ሙሉ በሙሉ ጀመርኩ። አሁን ተማሪዎቼን ሳነብ ከየት እንደተማርኩት አውቃለሁ። በክፉ ቤት የተማርኩት ነገር በመልካም ሥራ ላይ መዋሉ አያሳፍረኝም። ለዚያ ቤት ግን ምስጋና የለኝም፤ ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንዳንድ ተማሪ፣ በተለይ ሴት፣ ከጎኔ ያለ ምክንያት ስትንቀጠቀጥ ሳይ መኪናውን ጥግ አሲዤ «ይህ ፍርሃት የመኪና ብቻ ነው?» እላታለሁ። አንዳንዷ ዝም ትላለች፤ አንዳንዷ ታወራለች። ላወራችው የጤና ማዕከሉን መንገድ አሳያታለሁ፤ እዚያ እንደሄድኩም እነግራታለሁ። አበደች ያለኝ ሰው የለም። ቢልም ግድ አይሰጠኝም።

ጨርሼ ድኛለሁ አልልም። ድንገት ድምፅ ስሰማ ዛሬም እደነግጣለሁ። ግን ድንጋጤው ሲመጣ ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ተንፍሼ፣ ዙሪያዬን አይቼ፣ ያለሁት ቶሮንቶ፣ በራሴ ቤት እንደሆነ ለራሴ እነግረዋለሁ። ይሄዳል። እህቴም አዲስ አበባ ውስጥ የምታናግራት ባለሙያ አገኘች፤ በየሳምንቱ እንደዋወላለን፤ ስለ አባታችን ደግነትም ስለ ዱላውም አሁን በአንድ አፍ እናወራለን።

ባለፈው የበጋ ወር፣ አሁን ያደገችው ልጄ የሕንፃችን ግቢ ውስጥ ብስክሌት ስትነዳ ሚዛኗን ስታ የማስተማሪያ መኪናዬን የጎን መስታወት ሰበረችው። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ «እማዬ፣ መስታወትሽን ሰበርኩት፣ ሶሪ፣ ክርኔም ደምቷል» አለችኝ። አልተደበቀችም። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላጠናችም። በቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣችው። ክርኗን አጥቤ ፕላስተር ለጠፍኩላት፤ ከዚያ መጥረጊያ ይዘን ወርደን ስብርባሪውን አብረን ጠረግን።